«ቀረ» ወይስ «ተረፈ»፦ በኤሌክትሪክ መኪና ዳሽቦርድ ላይ ስለሚነበቡ ቃላት የቀረበ ሒስ

መግቢያ

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ በጥር 2016 ዓ.ም. ከተገለጸ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና ለአዲስ አበባ ብቻ ሳይሆን ለሩቅ ከተሞችም እንግዳነቱ እየቀነሰ ሄዷል። መኪናው ሲመጣ ግን ብቻውን አልመጣም። ከመሪው ጀርባ የተተከለው ስክሪን፣ በስክሪኑ ላይ የሚበራው ጽሑፍና ቁጥር፣ ከእነዚህም ጋር እስከ ትናንት ድረስ በአማርኛ ስም ያልወጣለት ነገር ሁሉ ተከትሎት መጥቷል። ከመኪናዎቹ ብዙዎቹ መጀመሪያ የተሠሩት ለቻይና ገበያ ስለሆነ፣ ሾፌሩ ፊት ለፊቱ የሚያየው ጽሑፍ ቻይንኛ የሆነበት፣ ሲለወጥለትም ወደ እንግሊዝኛ የተለወጠበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። አማርኛው የሚደርሰው ከሁሉም በኋላ ነው፤ በሻጭ አንደበት፣ በማስታወቂያ፣ በመመሪያ ትርጉም፣ በኮምፒዩተር በሚከናወን ትርጉም፣ ይልቁንም በሾፌሮች አፍ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከነዚህ ቃላት መካከል በአንድ ጉዳይ ዙሪያ የተሰባሰቡትን መርምሮ መተቸት ነው። ጉዳዩም ይህ ነው፤ ባትሪው ምን ያህል ያስኬዳል? መኪናው ይህን ለሾፌሩ በምን ቃል ይንገረው? በዚህ ረገድ ሾፌሩ የሚሰማው ፍርሃትስ ምን ተብሎ ይጠራ? ሒስ የሚገባው ለልብ ወለድና ለግጥም ነው የሚል አንባቢ ዳሽቦርድ መተቸታችን ሊያስገርመው ይችላል። ነገር ግን ዳሽቦርድም ጽሑፍ ነው። ደራሲ አለው፤ አንባቢም አለው። እንዲያውም አንባቢው ያነበበውን አምኖ ወዲያው እርምጃ ከሚወስድባቸው ጥቂት ጽሑፎች አንዱ ነው። ስለዚህ በዚህ መጽሔት አንባብያን ዘንድ፣ ማለትም በቋንቋ አጥኚዎችና በተርጓሚዎች ዘንድ፣ ሊመረመር ይገባዋል ብለን እናምናለን።

1. ከአርባ ምንጭ እስከ ጂንካ

ቃላቱን ከመተቸታችን በፊት ቃላቱ የሚነበቡበትን መንገድ ማየት ይጠቅማል። ከአዲስ አበባ ጂንካ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የመጨረሻው ክፍል፣ ከአርባ ምንጭ በኮንሶ በኩል ወደ ጂንካ የሚወስደው፣ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። ርዝመቱ ብቻውን ብዙ አያስቸግርም፤ አስቸጋሪው የመሬቱ አቀማመጥ ነው። መንገዱ ከ1,500 ሜትር በላይ ከፍታ ካላት ከካራት ከተማ ወደ ወይጦ ሸለቆ ቁልቁል ይወርድና፣ ሙቀቱ ከሚያቃጥለው ከዚያ ቆላ ተነሥቶ እንደገና ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ወጥቶ ቀይ አፈር ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ጂንካ የሚታጠፈው።

በዚህ መንገድ በአንድ የኤሌክትሪክ መኪና ተጉዘናል። መኪናውን የሠራውን ድርጅት አንጠራም፤ የምናወራው ነገር በብዙዎቹ ዘንድ ያለ ነውና። አርባ ምንጭ ላይ ሌሊቱን ቻርጅ ሲያደርግ አድሮ ስንነሣ ስክሪኑ 330 ኪሎ ሜትር ይል ነበር። ካራት ስንደርስ 205 አለ። ከካራት ወይጦ ድረስ ቁልቁለቱን ከወረድን በኋላ ቁጥሩ በመቀነስ ፈንታ ጨምሮ 221 ሆነ። በመኪናው ውስጥ የነበርን ሁሉ ደስ አለን። ከወይጦ በኋላ አቀበቱ ጀመረ፤ ቁጥሩም እንደ ድንጋይ ይወርድ ጀመር። ቀይ አፈር ስንደርስ 112 ላይ ነበር። ሃምሳ በማይሞላ ኪሎ ሜትር ውስጥ ከመቶ በላይ «ኪሎ ሜትር» ጠፋ ማለት ነው። ሾፌሩ ገና አቀበቱን ሲጀምር ኤሲውን አጠፋ፤ ከኋላ የተቀመጡ አንድ አረጋዊ በሻሽ ላባቸውን እየጠረጉ፣

«ልጄ፣ ያደርሰናል?» ብለው ጠየቁ።

«ያደርሳል አባባ። መኪናውስ ያደርሳል፤ ይኼ ቁጥር ነው እንጂ የሚያስጨንቀኝ» አለ ሾፌሩ።

ጂንካ ስንገባ በባትሪው ውስጥ 26 በመቶ ነበር። ሾፌሩ ትክክል ነበረ፤ አረጋዊውም በሙቀት የተሰቃዩት በከንቱ ነበር። መኪናው ሳይሳሳት ቃሉ ተሳስቶ መንገደኛ ተቀጣ።

ቁጥሩ እንዲህ የሚዋዥቀው ስለምንድን ነው? አብዛኛውን ጊዜ ስክሪኑ ባትሪው ውስጥ አለ ተብሎ የሚታሰበውን ኃይል ወስዶ መኪናው በቅርብ ርቀት ውስጥ በፈጀው መጠን ያካፍለዋል። ስለዚህ ያለፈውን መንገድ ይዞ ስለሚመጣው መንገድ ይናገራል። ቁልቁለት የወረደ መኪና ዓለም ሁሉ ቁልቁለት ይመስለዋል፤ አቀበት የወጣም እንደዚሁ። የከፍታን ዋጋ በቀላል ሒሳብ ማሳየት ይቻላል። ከነጭነቱ 2,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሽቅብ ለመውጣት፣ የመንገዱን ርዝመት ሳንቆጥር ከፍታውን ለማሸነፍ ብቻ፣ 5.5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ያስፈልገዋል። በሜዳ ላይ ለ100 ኪሎ ሜትር 16 ኪሎዋት ሰዓት የሚፈጅ መኪና በዚህ ኃይል 34 ኪሎ ሜትር ያህል በሄደ ነበር። ቁልቁለቱን ሲወርድ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር ሆኖ ከዚህ ኃይል ከፊሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል፤ ሁሉንም ግን አይመልስም።

እንግዲህ ስክሪኑ «ኪሎ ሜትር» ብሎ የሚያሳየው ነገር ኪሎ ሜትር አይደለም። የመንገድ ርዝመት ልብስ የለበሰ የኃይል መጠን ነው። የስያሜው ችግር ሁሉ ከዚህ ይነሣል።

2. «ክልል»፣ «ሬንጅ»፣ «የቀረ ርቀት»

ለዚህ ነገር ሲነገሩና ሲጻፉ የምናገኛቸው አቻዎች ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው «ክልል» ነው። ይህ በአብዛኛው በኮምፒዩተር ትርጉም በኩል የሚመጣ ሲሆን፣ የእንግሊዝኛው ቃል ካሉት ብዙ ፍቾች መካከል ለጉዳዩ የማይስማማውን አንሥቶ የሚያስቀምጥ ነው። «የመንዳት ክልል 300 ኪ.ሜ.» የሚለውን ሐረግ የጂንካ ሰው ቢያነብ ምን ይረዳል? ጂንካ በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ከሚገኙ ከተሞች አንዷ ናት። በዛሬው አማርኛ «ክልል» ሲባል አስቀድሞ ጆሮ የሚገባው የአስተዳደር ወሰን ነው። ሾፌሩ መኪናው የመንዳት ፈቃድ ያገኘበት ወሰን የተነገረው ሊመስለው ይችላል። ይህ አቻ ክርክር አያስፈልገውም፤ ይጣል።

ሁለተኛው «ሬንጅ» ነው። ሾፌሮች የሚናገሩት ይህን ነው። የውሰት ቃልን በውሰትነቱ ብቻ አንጠላም። «ቻርጅ»፣ «ባትሪ»፣ «ፍሬን»፣ «ማርሽ» ገብተው ኖረዋል፤ ማንም ሊያስወጣቸው አይችልም፤ እኛም አንሞክርም። «ቻርጅ» ሲባል አንድ የሚታይ ድርጊት አለ፤ ገመዱ ይሰካል፣ መብራቱ ይበራል። ስለዚህ ቃሉ ባዕድ ቢሆንም ፍቹን ከድርጊቱ ያገኛል። «ሬንጅ» ግን የሚያመለክተው የማይታይ ግምት ነው። ግምት መሆኑን ካልነገረ በቀር ቃሉ ለአዲስ ሾፌር ምንም አይነግረውም፤ ነባሩ ሾፌርም የሚያውቀው ከደረሰበት ችግር ነው። በንግግር ይቆይ፤ በስክሪን ላይ ግን በቂ አይደለም።

ሦስተኛውና ከሁሉም ይበልጥ አደገኛው «የቀረ ርቀት» ነው። አደገኛ የምንለው ጥሩ አማርኛ ስለሚመስል ነው። ስሕተቱ የሚታየው «ቀረ» የሚለውን ግስ ስንመረምር ነው። «ሁለት ብር ቀረኝ» ሲባል ከነበረው ያላለቀውን ያሳያል። «ልጁ ከትምህርት ቤት ቀረ» ሲባል አለመገኘትን ያመለክታል፤ በመምህሩ መዝገብ ላይ «ቀሪ» የሚባለውም ያልመጣው ተማሪ ነው። «ያ ልማድ ቀረ» ሲባል መቋረጥ ነው። «መንገድ ላይ ቀረን» ሲባል ደግሞ፣ ሾፌር የሚፈራው ነገር ራሱ ነው።

የጉዞ አማርኛን ብንወስድ፣ መንገደኛ «84 ኪሎ ሜትር ቀረኝ» ሲል የሚናገረው እስከሚደርስበት ቦታ ያለውን ርቀት ነው። ከዚህ ሌላ የሚረዳ የለም። ካርታውም በስልክም በስክሪንም ሲተረጎም «የቀረ ርቀት» ብሎ የሚያሳየው ይህንኑ ነው። አሁን በአንድ ስክሪን ላይ በግራ በኩል «የቀረ ርቀት 84»፣ በቀኝ በኩል «የቀረ ርቀት 112» ተጽፎ እናስብ። አንዱ የመንገዱ ነው፤ አንዱ የባትሪው። የመጀመሪያው ሲያንስ ደስ ይላል፤ ሁለተኛው ሲያንስ ያስፈራል። ሁለት ተቃራኒ ስሜት የሚፈጥሩ ቁጥሮች በአንድ ስም ተጠሩ ማለት ነው። በምሽት፣ በአቀበት፣ ደክሞት ለሚነዳ ሰው ይህ የሰዋስው ጥያቄ ብቻ ሆኖ አይታየውም።

«ቀረ» ከጎኑ የቆመ ሌላ ግስ አለው፤ «ተረፈ»። «እንጀራ ተረፈ» ስንል ከበቃ በላይ የሆነውን እንናገራለን። «ከአደጋ ተረፈ» ስንል መዳንን እንናገራለን። ስለሆነም «ተረፈ» በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ይዟል፤ ጉዳዩ ከተፈጸመ በኋላ ያለ ትርፍንና ደኅንነትን። ሾፌሩ ሊያውቅ የሚፈልገው ይህን ነው። አሁን ምን ያህል እንዳለው ማወቅ ለብቻው አይጠቅመውም፤ ከደረሰ በኋላ ምን እንደሚተርፈው ማወቅ ግን ይጠቅመዋል። አረጋዊው የጠየቁት «ስንት ኪሎ ሜትር አለው?» ብለው አልነበረም፤ «ያደርሰናል?» ነበር ያሉት። «ጂንካ ላይ 26% ይተርፋል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር በወይጦ ሸለቆ ተነቦ ቢሆን ኤሲው ባልጠፋ ነበር። ይህ በምኞት የተነገረ ነገር አይደለም፤ መድረሻው ሲነገራቸው የከፍታውን ልዩነት ጭምር አስልተው ሲደረስ የሚኖረውን የባትሪ መጠን የሚያሳዩ መኪናዎች አሉ። ስልቱ አለ፤ የጎደለው አማርኛው ነው።

3. ጭንቀት ወይስ ስጋት

የሾፌሩን ስሜት የሚጠራው የእንግሊዝኛ ሐረግ በአሜሪካ ጋዜጣ ላይ የታየው በ1997 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ያን ጊዜ የተነገረው ኢ.ቪ.1 የተባለውን የጄኔራል ሞተርስ የኤሌክትሪክ መኪና ስለሚነዱ ሰዎች ነበር። ሐረጉ ወደ አማርኛ ሲመጣ ቃል በቃል «የርቀት ጭንቀት» ተባለ። ይህን አቻ በሁለት ምክንያት እንነቅፈዋለን።

አንደኛ፣ «የርቀት ጭንቀት» ሰው ከሚወደው ሲርቅ የሚሰማውን ይመስላል። ልጇ ሩቅ አገር የሄደባት እናት ጭንቀት ነው ብንል ያስኬዳል፤ ስለ ባትሪ ነው የሚለው ግን ከሐረጉ ውስጥ አይወጣም።

ሁለተኛው ምክንያት ጥልቅ ነው። «ጭንቀት» ዛሬ በጤና አገልግሎት አካባቢ የሕመም ስም ሆኗል። ባለቤቱም ሰው ነው፤ መድኃኒቱም የሚፈለገው ከሰውየው ዘንድ ነው። በዚህ ላይ የሾፌራችን ንግግር ትልቅ ትምህርት ሰጥቶናል። «ይኼ ቁጥር ነው የሚያስጨንቀኝ» ሲል ግሱ አድራጊ ነበረው፤ አድራጊውም ቁጥሩ ነበር። ግሱ ተወስዶ «ጭንቀት» የሚል ስም ሲሆን ግን አድራጊው ይሰወራል፤ ተጨናቂው ብቻ በአደባባይ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ነገሩ የሾፌሩ የልብ ድክመት ሆኖ ይቆጠራል፤ መፍትሔውም ሾፌሩን ማረጋጋት ይሆናል። የሚያረጋጋ ቀለም፣ የሚያረጋጋ ድምፅ፣ አልፎ ተርፎም ዝቅተኛውን ቁጥር መደበቅ ይመጣል።

«ስጋት» ግን ሌላ ነው። የሚሰጋ ሰው የሚሰጋው ነገር አለ፤ ነገሩም ሊደርስ የሚችል ነው። የሚሰጋውን ሰው «ተረጋጋ» አይሉትም፤ የሚሰጋበትን ነገር ያስወግዱለታል ወይም እውነቱን ይነግሩታል። ከካራት እስከ ጂንካ በሚወስደው መንገድ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ቱርሚና ወደ ኦሞራቴ በሚወርደው፣ ባትሪ አልቆ መንገድ ላይ መቆም እውነተኛ ጉዳት ነው። በጀሪካን ቤንዚን ተሸክሞ የሚደርስለት የለም። ሾፌሩ ቢሰጋ አስተዋይ ነው።

ስለዚህ የምናቀርበው አቻ «የመቅረት ስጋት» የሚል ነው። ከሕዝቡ አነጋገር የወጣ ነው፤ «መንገድ ላይ መቅረት» የማያውቅ የአማርኛ ተናጋሪ የለምና። ቃሉ ሲለወጥ የኃላፊነቱም ቦታ ይለወጣል። ጭንቀት ብለን ከጠራነው ሐኪም እንፈልጋለን፤ የመቅረት ስጋት ብለን ከጠራነው ግን የቻርጅ ጣቢያና የታመነ ዳሽቦርድ እንፈልጋለን።

4. ልክና ግምት

አማርኛ «ልክ» የሚል ቃል አለው። «ልክ» መጠን ነው፤ «ልክ ነህ» ሲባል ደግሞ እውነት ነው። ያለ ተጨማሪ ቃል የተቀመጠ ቁጥር በአማርኛ አንባቢ ዓይን ልክ ነው፤ በሁለቱም ፍች። «112 ኪ.ሜ.» ተብሎ ከተጻፈ 111 ወይም 113 አይደለም ማለት ነው። ነገር ግን ከላይ እንዳየነው ይህ ቁጥር ግምት ነው። እንዲያውም የግምት ግምት ነው፤ የባትሪው በመቶኛ ራሱ ከሚገባውና ከሚወጣው የኤሌክትሪክ መጠን፣ ከቮልቴጅም ተነሥቶ የሚሰላ እንጂ እንደ ውኃ በብርጭቆ የሚታይ አይደለም።

ግምቱ ከፋብሪካው ይጀምራል። በሽያጭ ወረቀት ላይ የሚጻፈው ርቀት እንደ መለኪያው ሥርዓት ይለያያል። በቻይና የሚሠራበት ሲ.ኤል.ቲ.ሲ. የተባለው ሥርዓት ለአንድ መኪና የሚሰጠው ቁጥር በአውሮፓ ከሚሠራበት ከደብልዩ.ኤል.ቲ.ፒ. ከፍ ይላል፤ የአሜሪካው የኢ.ፒ.ኤ. መለኪያ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱም ያንሳል። መኪናው አንድ ነው፤ ቁጥሩ ሦስት ነው። የሽያጭ ወረቀት የሚተረጉም ሰው የመለኪያውን ስም ትቶ ቁጥሩን ብቻ ካሳለፈ፣ ትርጉሙ ቃል በቃል ትክክል ሆኖ ሳለ መልእክቱ ሐሰት ይሆናል። የመለኪያው ስም ከቁጥሩ ጋር መተርጎም አለበት እንላለን።

ግምትን ግምት ብሎ መናገር አንባቢን ያስፈራል የሚሉ አሉ። ጥናት ግን ይህን አይደግፍም። በ2015 እ.ኤ.አ. ማልተ ዩንግ፣ ዴቪድ ሰርኪንና ባልደረቦቻቸው ባወጡት ጥናት፣ የባትሪውን ርቀት በአንድ ቁርጥ ቁጥር ሳይሆን እርግጠኛ አለመሆኑን በሚያሳይ መልክ የተመለከቱ ነጂዎች፣ ባትሪው ባነሰ ጊዜ በመኪናው ላይ ያላቸው እምነትና የመንዳት ስሜታቸው ከሌሎቹ ይበልጥ ተጠብቆ ተገኝቷል። በጀርመን ቶማስ ፍራንከና ባልደረቦቹ ያደረጉት ጥናት ደግሞ፣ ነጂዎች ሳይሰጉ የሚጠቀሙት ካለው ርቀት ከ75 እስከ 80 በመቶ ያህሉን እንደሆነ አመልክቷል። ነጂው በገዛ ራሱ ቁጥሩን እየቀነሰ ያነበዋል ማለት ነው። ሰው የማያምነውን ቁርጥ ቁጥር ከመስጠት የሚያምነውን ስፋት መስጠት ይሻላል።

ለዚህ አማርኛ ድኻ አይደለም። «ያህል»፣ «ገደማ»፣ «ከ… እስከ» አሉት። ከዚህም በላይ የቆየ ልማድ አለው። በእግርና በበቅሎ ዘመን መንገደኛ ርቀትን የሚናገረው «የአንድ ቀን መንገድ»፣ «የግማሽ ቀን መንገድ» እያለ ነበር። ይህን እንደ ኋላ ቀር መለኪያ የሚቆጥሩት ይሳሳታሉ። «የአንድ ቀን መንገድ» ውስጥ አቀበቱም፣ ሙቀቱም፣ ጭነቱም፣ ወንዙም አብሮ ተሰልቷል። ኪሎ ሜትር መሬትን ይለካል፤ የቀን መንገድ ድካምን ይለካ ነበር። የኤሌክትሪክ መኪና ስክሪን የሚያሳየው ድካምን ሆኖ ስሙን ግን ከመሬት ተበደረ። አያቶቻችን ያልሠሩትን ስሕተት ነው የሠራው።

5. የምናቀርባቸው አቻዎች

ሙያዊ ቃል ሲመረጥ የምንመለከተው ለመዝገበ ቃላት መስማማቱን ብቻ አይደለም። በደቡብ ኦሞ የአማርኛ አንባቢ ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያ ቋንቋው ኣርኛ፣ ሐመርኛ፣ ማልኛ ወይም ሌላ ነው። በአካባቢው ዐሥራ ስድስት ብሔረሰቦች መኖራቸው ይነገራል፤ ቋንቋዎቻቸውም ከኦሞአዊ፣ ከኩሻዊና ከናይሎ ሳህራዊ ወገን ናቸው። አማርኛ በገበያና በመንገድ የመገናኛ ቋንቋቸው ነው። ከግዕዝ ተቆፍሮ የወጣ አዲስ ቃል ለነሱ እንደ ቻይንኛው የራቀ ነው፤ የዕለት ግስ ግን ሁሉም ያውቀዋል። ስለዚህ በስክሪን ላይ ከስም ይልቅ ግስ እንመርጣለን።

ሀ) ያስኬዳል። ለባትሪው የአሁን ግምት የሚሆን የስክሪን ቃል። ሁልጊዜ ከስፋት ጋር ይጻፍ፦ «ያስኬዳል ከ95 እስከ 120 ኪ.ሜ.»። በጽሑፍና በመዝገበ ቃላት ስም ሲያስፈልግ «የጉዞ አቅም» ይባል፤ «አቅም» የሚለወጥ ነገር መሆኑን ቃሉ ራሱ ይናገራልና።

ለ) እስከ ጂንካ። መድረሻው በስሙ ተጠርቶ ርቀቱ ይጻፍ፦ «እስከ ጂንካ 84 ኪ.ሜ.»። «የቀረ ርቀት» ከስክሪን ይውጣ።

ሐ) ይተርፋል። ሲደረስ ለሚኖረው የባትሪ መጠን፦ «ጂንካ ላይ ይተርፋል ከ20 እስከ 28%»። የማያደርስ ከሆነ በግልጽ «አያደርስም» ይባል። እዚህ ላይ ማለዘብ ክፋት ነው።

መ) የባትሪ መጠን። «ሙላት» የሚል ሐሳብ ሲቀርብ ሰምተናል። በአዲስ አበባ ችግር የለበትም፤ በኦሞ ዳር ግን «ሙላት» የወንዝ ነው። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. የኦሞ ወንዝ ሞልቶ በዳሰነች ከ300 በላይ ሰዎች ሞተዋል። «ሙላት ጨመረ» የሚል ጽሑፍ በዚያ አገር የደስታ ወሬ ሊሆን አይችልም።

ሠ) መላሽ ፍሬን። ቁልቁለት ላይ ኃይል ወደ ባትሪ ለሚመልሰው አሠራር። ሾፌሮች «ሲወርድ ቻርጅ ያደርጋል» ይላሉ፤ ፍቹ ትክክል ነው፤ ስም ሲያስፈልግ ግን ይህ ይበቃል።

ረ) የመቅረት ስጋት። በሦስተኛው ክፍል በተገለጸው ምክንያት።

አንድ ሌላ ቃል አባብሎን ነበር፤ «ስንቅ»። ባትሪው የመንገድ ስንቅ ነው ቢባል ማን ይቃወማል? የአገሩ የኤሌክትሪክ ኃይል በከፊል ከግልገል ጊቤ ሦስት፣ ማለትም ከዚያው ከኦሞ ወንዝ ግድብ፣ የሚመጣ መሆኑን ስናስብ ደግሞ ይበልጥ ያምራል። ሆኖም ስንቅ የተበላ እንደሆነ አይመለስም፤ ባትሪ ግን ቁልቁለት ላይ ይመለስለታል። ማማር ብቻውን ለሙያዊ ቃል ስለማይበቃ በምሳሌነት እንዲቆይ ትተነዋል።

ስለ አነጋገር ደረጃም አንድ ነገር እናክል። እንግሊዝኛው «አንተ»ን ከ«አንቺ»፣ «አንቺ»ን ከ«እርስዎ» አይለይም። ተርጓሚው «ቻርጅ አድርግ» ብሎ ቢጽፍ የምትነዳው ሴት ትሆናለች፤ ወይም የአረጋዊው እኩያ ይሆናል። «ይተርፋል»፣ «ያስኬዳል»፣ «አያደርስም» የሚሉት ግሶች ባለቤታቸው ባትሪው ወይም መኪናው ስለሆነ ማንንም ዝቅ ሳያደርጉ ይናገራሉ። የግድ ነጂውን መጥራት ሲያስፈልግ «እርስዎ» ይሁን።

መደምደሚያ

ይህን ያህል ስለ ጥቂት ቃላት መጻፋችን ይበዛል የሚል ይኖራል። ሾፌሩ ልማዱ ነው፤ ከሁለት ሦስት ጉዞ በኋላ ቁጥሩን እንዴት እንደሚያነበው ያውቃል ይባላል። እውነት ነው፤ ይለምዳል። ነገር ግን የሚለምደው ጽሑፉን አለማመን ነው። አንባቢው በልማድ የማያምነው ጽሑፍ ለተርጓሚም ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅም ክብር አይሆንም፤ ቁጥሩ በእርግጥ ዝቅ ያለ ቀንም አለማመኑ አደጋ ያመጣል።

በ1989 ዓ.ም. የታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ሲዘጋጅ ይህ ጉዳይ ገና አልተነሣም ነበር። ዛሬ ተነሥቷል፤ መኪናው ቀድሞ ቃሉ እየተከተለው ነው። ያቀረብናቸው አቻዎች የመጨረሻ ናቸው አንልም። ሊፈተኑ ይገባል፤ ፈተናቸውም ከጠረጴዛ ዙሪያ ይልቅ በመንገድ ላይ ቢሆን እንመርጣለን። የጂንካ ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ቅርብ ነው፤ የአካባቢው ቋንቋዎች ተናጋሪዎችም በየቋንቋቸው የሚስማማውን ግስ እንዲመርጡ በዚያው አጋጣሚ ቢጠየቁ ይጠቅማል። ፈተናው አንድ ጥያቄ ይበቃዋል። በወይጦ ሸለቆ፣ አቀበቱ ከመጀመሩ በፊት፣ ስክሪኑን ለማያውቅ አንድ መንገደኛ ጽሑፉ ይነበብለት፤ ከዚያም «ያደርሰናል?» ተብሎ ይጠየቅ። ከጽሑፉ ብቻ ተነሥቶ መመለስ ከቻለ ቃሉ ሥራውን ሠርቷል።